እንሶስላ፦ በቀለሙ እንጂ በአበባው የማናውቀው ተክል

ጥር ሲገባ በአዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር መንደሮች ድንኳን መተከል ይጀምራል። ከሠርጉ ቀን ቀደም ብሎ በሙሽሪት ቤት የሚሰናዳውን የሴቶች ምሽት ብዙ ሰው «እንሶስላ» ብሎ ይጠራዋል። የሐበሻ ቀሚስ ይለበሳል፤ ከበሮ ይመታል፤ እልልታው ከግቢ አልፎ ይሰማል፤ የሙሽሪትና የሚዜዎቿ እጅ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ከሱቅ የተገዛ፣ በትንሽ ቱቦ የታሸገ ሂና ነው። ዝግጅቱ የሚጠራበት ተክል ከግብዣው ቀርቷል። እናቶች ቢጠየቁ ቀለሙን ያስታውሳሉ፤ ሥሩን በእጃቸው የወቀጡም አይጠፉም። አበባው ምን ይመስላል ሲባሉ ግን የሚመልሱት ጥቂቶች ናቸው። እዚህ የምናስተዋውቀው እሱን ነው።

እንሶስላ፣ በአንዳንድ አገር ጉሽርጥ የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል የዱር አበባ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ነው። ግንዱ እንጨት አይሆንም፤ ለምለምና ውኃ ያዘለ ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል። ሲመቸው ቁመቱ 2 ሜትር ይደርሳል። ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ ወቅቱን ጠብቆ ይጠወልጋል፤ ከመሬት በታች ግን እንደ ድንች ያበጠ ሥር ይቀራል። በሚቀጥለው ዝናብ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ሥር ነው። አደይ አበባ በየዓመቱ ከዘር ይጀምራል። እንሶስላ ግን ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ፣ ስንቁን ከመሬት በታች ያስቀመጠ ተክል ነው።

የሚኖርበትን ለማወቅ ከዓለም ባንክ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ሰማዩ ጠራ ባለ ቀን ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል። ከፍታው 3,385 ሜትር ነው። በጎኑ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲጠበቁ ከኖሩት ደኖች አንዱ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከአንኮበር አቅራቢያ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስዘሩበት ይባላል። ዛሬም ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የደኑ ባለቤቶች ናቸው፤ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ይመጣል።

ጥድ ስንል የአበሻውን ጥድ ነው። በከተማው ግቢዎች ለአጥር የተተከለው «የፈረንጅ ጥድ» ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ዛፍ ነው። ፈረንጆች ፓይን የሚሉትም በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ የለም፤ በደን ተከላ የገባ ነው። በሌላው ዓለም የፓይን ደን የሚይዘውን ቦታ በእኛ ደጋ የያዘው የአበሻ ጥድ ነው። በዓለም ካሉት የጥድ ዘመዶቹ መካከል በቁመት የሚደርስበት የለም፤ 40 ሜትር የሚሞላ አለ።

የዕፅዋት ባለሙያዎች ይህን የጥድና የዝግባ ደን «ደረቅ የደጋ ደን» ይሉታል። ደረቅ መባሉ ዝናብ ስለሌለው አይደለም። አብዛኛው ዝናቡ በክረምት ወራት ተጠቃሎ ይወርድና ከጥቅምት በኋላ ለወራት ሰማዩ ይዘጋል። ታዲያ ግንዱ ውኃ፣ ቅጠሉ ስስ፣ ጥቂት ፀሐይ ሲነካው የሚዝል ተክል እንዲህ ባለ አገር እንዴት ይዘልቃል? መልሱ መሸሽ ነው። አንደኛው ሽሽት በቦታ ነው፦ እንሶስላ ገላጣውን ትቶ የጅረት ዳር፣ የሸለቆ ጥግ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ርጥብ አፈር ይመርጣል። ሁለተኛው ሽሽት በጊዜ ነው፦ ዝናብ ሲኖር በፍጥነት ያድጋል፣ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፤ ድርቁ ሲበረታ ላዩን ለቅቆ ሥሩ ውስጥ ይከተታል። ያ ያበጠ ሥር የምግብና የውኃ ጎተራው ነው። ሰው የሚፈልገው ቀለምም ያለው እዚያው ነው። የተክሉ ዕጣ ፈንታ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ አበባው። ነጭ ነው፤ ከጉሮሮው አካባቢ ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ሮዝ የሆነ ነጠብጣብና ጭረት አለው። የታችኞቹ የአበባው ቅጠሎች ሰፋ ብለው ይንጠለጠላሉ። ከኋላው ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ፣ የጣት ርዝመት የሚያህል አንዳንዴም የሚበልጥ ቱቦ ይወጣል። የአበባው ማር የሚጠራቀመው ከዚህ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። ንብ ብትመጣ ምላሷ አይደርስም። ማሩን ማግኘት የሚችለው ረጅም ምላስ ያለው ትልቅ የእሳት ራት ነው፤ በአየር ላይ እንደቆመ ምላሱን ዘርግቶ ይመጠምጣል፣ በዚያው የወንዴውን ዱቄት ተሸክሞ ወደሚቀጥለው አበባ ይሄዳል። የእሳት ራት የሌሊት ፍጥረት ነው፤ ስለዚህ አበባው ነጭ ሆነ፤ ስለዚህም ሽታው ቀን ላይ እምብዛም ሳይሆን ሲመሽ ይበረታል። እንሶስላን በቀን አይቶ «ሽታ የለውም» ያለ ሰው ጎብኝቶ የተመለሰው ያለ ሰዓቱ ነው።

የዘሩ ነገር ደግሞ ልጆችን የሚያስደስት ነው። ፍሬው ሲበስል ግድግዳው እንደተወጠረ ይቆያል። ሰው፣ እንስሳ ወይም የዝናብ ጠብታ ሲነካው ድንገት ይፈነዳና ግድግዳው ተጠቅልሎ ዘሩን ይረጨዋል። በዓለም ላይ ከ1,000 በላይ የሆኑት የኢምፓቲየንስ ዝርያዎች ሁሉ በዚህ ጠባይ ይታወቃሉ። ከእነሱ መካከል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝም አለ፦ ኢምፓቲየንስ ሮቲ የሚባለው፣ አበባው ወደ ቀይና ብርቱካን የሚያደላ ነው። እሱም ሥሩ ያበጠ ስለሆነ በአንዳንድ አካባቢ በጉሽርጥ ስም ይጠራል።

ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ወደ ሂና መሄድ ግድ ነው። ሂና የሞቃት አገር ቁጥቋጦ ነው፤ ቀለሙ በቅጠሉ ውስጥ አለ። የሚያቀላው ንጥረ ነገር ከራሱ ከሂና ሳይንሳዊ ስም ተወስዶ ላውሶን ተብሏል። ከሂና ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና የሌላቸው የኢምፓቲየንስ ወገን ዕፅዋትም ይህንኑ ላውሶንና የቅርብ አምሳያዎቹን እንደሚያመርቱ ታውቋል። ሁለት የማይተዋወቁ የዕፅዋት ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ቀለም ላይ ደረሱ ማለት ነው። ቆላው ሂናን አገኘ፣ ደጋው እንሶስላን። ሐረርና አፋር በቅጠል ሲዋቡ ጎንደር፣ ጎጃምና ሸዋ በሥር ተዋቡ።

ላውሶን ቆዳ ላይ ተቀብቶ የሚቀመጥ ቀለም አይደለም። ቆዳና ጥፍር የተሠሩበት ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ላውሶን ከዚህ ፕሮቲን ጋር በኬሚካዊ ትስስር ይጣመራል። ለዚህ ነው በሳሙና የማይለቀው። የመዳፍ ቆዳ ተልጦ እስኪተካ ድረስ፣ ማለትም ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ጥፍር ላይ ያለው ይበልጥ ይከርማል፤ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ቀለሙ ከጫፉ ተቆርጦ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል። ትስስሩ እንዲፈጠር ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ። ኬሚስትሪ ያልተማሩት አያቶቻችን ሦስቱንም አሟልተው ነበር።

እንዲህ ነው። ሥሩ ይታጠባል፣ ልጡ ይላጣል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል። የተወቀጠው በመዳፍ፣ በጣት ጫፍ፣ በጥፍርና በእግር ላይ በደንብ ይለጠፋል። ከዚያ በጉሎ ቅጠል ይጠቀለልና በጨርቅ ይታሰራል። የጉሎ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ርጥበቱ እንዳይተን ይይዛል፣ የሰውነትንም ሙቀት ያቆያል። እንደታሰረ ይታደራል። ጠዋት ሲፈታና ሲታጠብ ቀለሙ ወደ ብርቱካን ያደላ ቀይ ሆኖ ይገኛል፤ ሲደጋገም ይጠቁራል፣ ይደምቃልም።

በዚህ አሠራር ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ቀለሙ ሳይሆን ጨርቁ ነው። ሁለት እጇ የታሰረ ሴት እንጀራ አትጋግርም፣ ውኃ አትቀዳም፣ ልጅ አታዝልም። ሌላ ሰው ያጎርሳታል፤ ሌላ ሰው ነጠላዋን ያስተካክልላታል። የገጠር ሴት በሕግም በልማድም ዕረፍት በሌላት ዘመን፣ «እንሶስላ አስሬያለሁ» ማለት ለአንድ ሌሊት ከሥራ ነፃ መውጫ ነበር። ሙሽሪት ብቻዋን የማትታሰረውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ የሚያጎርሳትና የሚያጫውታት ሰው ያስፈልጋታል። ምሽቱ የጨዋታና የዘፈን ምሽት የሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እጃቸው የታሰረ ሰዎች ከአፋቸው በቀር የሚያንቀሳቅሱት የላቸውም። ቱቦው ሂና በጣት ላይ ሐረግ ይስላል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ለፎቶ ያምራል። ያን ሌሊት ግን አያመጣም።

እንሶስላ ለጌጥ ብቻም አልዋለም። በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲያጭድ የሚውል ሰው ተረከዙ ሲሰነጠቅ፣ በጣቶቹ መካከል ሲልጠው ያስርበታል፤ ወንዱም ሴቱም። ላውሶንና ዘመዶቹ በቤተ ሙከራ ፈንገስን እንደሚቃወሙ ስለታየ ልማዱ መሠረት የሌለው አይደለም። ይህ ማለት ግን የቆሰለ እግር በእንሶስላ ታስሮ ይዋል ማለት አይደለም፤ በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ።

ስለ ገበያው ሂናም አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። ንጹሕ ሂና ጉዳት የለውም ሊባል ይችላል። አደገኛው «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውና በሰዓት ውስጥ ከሰል የሚመስል ቀለም የሚሰጠው ነው። እንዲህ የሚያጠቁረው ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ስለተጨመረበት ነው፤ ቆዳን ሊያቃጥል፣ ጠባሳ ሊተው፣ ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል። እውነተኛ የተክል ቀለም አይቸኩልም። በግማሽ ሰዓት ጥቁር የሚሆን ቀለም ሲያዩ ሙሽሪትን ያርቋት።

ተክሉ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት ታሪክ አጭር ቢሆንም የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 በቴዎፊል ሌፌቭር የሚመራ የፈረንሳይ ተልእኮ በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ነበር። ዕፅዋት የሚሰበስቡት ሐኪሞቹ ካርቲን ዲዮንና አንቱዋን ፔቲ ነበሩ። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም፤ የመጀመሪያው በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛው ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። በደረቅ ወረቀት መካከል ያስቀመጧቸው ዕፅዋት ግን ፓሪስ ደረሱ። ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው አሺል ሪሻር በዋናነት በእነዚህ ስብስቦች ላይ ተመሥርቶ የአቢሲኒያን ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ አዘጋጀ፤ እንሶስላም እ.ኤ.አ. በ1847 በዚሁ መጽሐፍ ሳይንሳዊ ስሙን አገኘ። ስሙ በላቲን የቀለም ሥራን የሚጠቁም ነው። እጃቸውን ያቀሉ የኢትዮጵያ ሴቶች በሪሻር ስያሜ ውስጥ ስማቸው ባይጠቀስም አሉበት።

ከዚያ ወዲህ እንሶስላ ወደ አውሮፓም ተሻግሯል። በእንግሊዝ አገር አበባ ወዳዶች በጥላማ ግቢያቸው ይተክሉታል፤ በበረዶ ወራት ላዩ ሲሞት ሥሩን በቅጠልና በገለባ ይሸፍኑታል፣ በጸደይ እንደገና ይበቅላል። የሐበሻውን ጥቅምት የሚሸሽበት ዘዴ የእንግሊዙን ታኅሣሥም አሸሸው። እነሱ የሚተክሉት ለነጩ አበባና ለምሽቱ ሽታ ነው፤ ሥሩን የሚወቅጥ የለም። እኛ ሥሩን እንወቅጣለን፣ አበባውን አናይም። የኛ ይብሳል ባይ ነኝ፤ አበባው ያለው በራሳችን ተራራ ላይ ነውና።

ይብስ ብሎ በከተማችን ችግኝ መሸጫዎች የእንሶስላ የአክስት ልጅ በየፕላስቲኩ ተደርድሮ ይሸጣል። ኢምፓቲየንስ ዋለሪያና ይባላል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ወደ ውጭ ሄዶ፣ በልዩ ልዩ ቀለም ተዳቅሎ፣ በዓለም እጅግ ከሚሸጡ የግቢ አበቦች አንዱ ሆኗል። ከዓለም ባንክ ቪላዎች በረንዳ ላይ ሮዝና ቀይ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። የአገሩ ልጅ እንሶስላ ግን በችግኝ መሸጫ ሳይሆን ሥሩ ተቆፍሮ በገበያ ነው የሚገኘው።

መቆፈሩ ላይ ነው ችግሩ። ቅጠሉ የሚለቀም ተክል መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ፍሬው የሚለቀም ተክል በሚቀጥለው ዓመት ያፈራል። ሥሩ የሚወሰድ ተክል ግን የተጠራቀመ ስንቁን ሁሉ ነው የሚነጠቀው። ቀበርቾን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ለጭስ የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ ከየአካባቢው እየመነመነ ሄዷል። የእንሶስላ ዕድሉ ትንሽ ይሻላል፤ ቆፋሪው ከሥሮቹ ግማሹን ትቶ አፈር ቢመልስበት ተክሉ ይተርፋል። ድሮ ለራስዋ ጥፍር የምትቆፍር ልጃገረድ እንዲህ ማድረግ አይከብዳትም ነበር፤ ለገበያ በጆንያ የሚቆፍር ሰው ግን ለነገ ዓመት አያስብም።

ሁለተኛው ጉዳት ከጥላው ነው። የጥድ ደን ሲመነጠርና ባሕር ዛፍ ሲተካው ርጥቡ ሸለቆ ይደርቃል፤ ጥላ ከሌለ እንሶስላ የለም። አዲስ አበባ በምዕራብ በኩል እያደገች ከአየር ጤና አልፋ፣ ዓለም ባንክን ሞልታ፣ ወደ ወለቴና ወደ ሰበታ ተዘርግታለች። ዛሬ ኮብልስቶን በተነጠፈባቸው የወንዝ ዳርቻዎች ድሮ ምን ይበቅል እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ እያለፉ ነው። ለከተማዋ ቅርብ የሆኑ የአገር በቀል ዕፅዋት መጠለያዎች መናገሻ ሱባና የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ናቸው፤ ልጆችን ይዞ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀን ባይሆን በሁለት ቅዳሜ ሊያዳርሳቸው ይችላል። የሚሄድ ሰው ክረምቱ ሲያበቃ፣ መንገዱ ሳይደርቅ ይሂድ። ወደ ጅረቶቹ ዳር ይመልከት፤ ሥር ግን አይንቀል።

ዋናው መፍትሔ ግን ከደን ውጭ ነው፤ ግቢ ውስጥ መትከል። በገጠር በጓሮ የሚተክሉት ሰዎች አሉ፤ አስቸጋሪ ተክል አይደለም። የዓለም ባንክ አየር ንብረትም ይስማማዋል፤ ሰፈሩ ደጋ ነው፣ ክረምቱ በቂ ዝናብ አለው። ስለዚህ ለሠርግ እንሶስላ ስትገዙ የገዛችሁትን ሁሉ አትውቀጡት። ያልደረቀና ዓይን ያለው አንድ ሁለት ሥር አስቀሩ። ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ ጥግ ወይም ከዛፍ ሥር፣ ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር ውስጥ አንድ ስንዝር ባልሞላ ጥልቀት ቅበሩት። ግቢ የሌለው ሰው ጠለቅ ያለ ባልዲ ከታች በስቶ ይጠቀም። ውኃ አይጥፋበት፤ ግን አይተኛበት። ከበጋው መግባት ጋር ላዩ ሲጠወልግ ሞተ ብላችሁ አትጣሉት፤ አፈሩን በቅጠል ሸፍናችሁ ተዉት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሥሩ ሲበዛ ግማሹን አውጡ፣ ግማሹን መልሱ። ለጎረቤት ሙሽራም የሚተርፍ ይኖራችኋል።